እቁብ ወጥቶልን ዛንዚባር ልንሄድ ነው፤ እዚያ ማን አላችሁ ለሚሉን ምን እንመልስ?

ጥያቄውን የከፈተችው የደብረ ማርቆስ መምህርት ናት። ሠርጋቸው ሦስት ዓመት አልፎታል፤ የጫጉላ ሽርሽሩን የድንኳንና የበሬ ዕዳ በልቶት ቀረ። ዘንድሮ የመምህራኑ እቁብ ለእሷ ወጣ። ባሏ የውኃ መሳቢያ ሞተር ገዝተን ለአባቴ መስኖ እናውለው ባይ ነበር። እሷ ደግሞ ባሕር ማየት ትፈልጋለች፤ ሐይቅ ሳይሆን ባሕር። በመጨረሻ እሺ ብሏል፤ የእሺታውን ዓይነት ግን አላብራራችም።

የጠየቀችው ሦስት ነገር ነው። በዛንዚባር፣ በታንዛኒያዋ ደሴት፣ ስቶን ታውን በሚባለው አሮጌ ከተማ አራት ሌሊት ማደር ይበዛል ወይስ ሁሉንም ቀን ባሕር ዳርቻው ላይ ይሻላል? ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ስለሆነ ፍልሰታ እዚያ ከያዘቻቸው ምን ይበላሉ? ሦስተኛው ርዕሱ ላይ ያለው ነው። እናቷ ጉዞውን ከሰሙ ጀምሮ እዚያ ማን አላችሁ እያሉ ይጠይቃሉ፤ ማንም የለንም ስትላቸው ዝም ይላሉ፣ ከዚያ በማግስቱ እንደ አዲስ ይጠይቃሉ።

እኔ የዚህ የኢንተርኔት መድረክ አስተባባሪ ነኝ፤ ባሕር ዳር ሆኜ ክሩን፣ ማለት ጥያቄዋንና በሥሩ የተጻፉትን መልሶች፣ ከሥር ከሥር ስከታተል ነበር። አሁን በጣም ረዝሟል፤ አዲስ የሚመጣው ሁሉ ከላይ ሳያነብ ያንኑ መልሶ ይጠይቃል። ስለዚህ በየቁጥሩ የተባለውን በራሴ አንደበት እዚህ አሰፍራለሁ፤ ያሳጠርኩት ሰው ካለ ይቅርታ።

1ኛው መልስ እንኳን ደስ ያላችሁ ነው። 2ኛው እቁቡ ስንት እንደሆነ ጠየቀ፤ ማንም አልመለሰለትም፣ እሱም አልደገመውም።

ቁም ነገር ይዛ የመጣችው 3ኛዋ፣ የሞጣ ነርስ ናት። ከቲኬት በፊት ቪዛ አለች። ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ስለሚጠየቅ ክትባቱን ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት መውሰድ፤ ካርዱንም ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከፓስፖርቱ ጋር መያዝ። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው ሁሉ የደሴቲቱን የጉዞ መድን በ44 ዶላር መግዛት ግዴታው ነው፤ ሌላ መድን አለኝ ማለት አያድንም። ሰዎች ይህን አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ነው የሚሰሙት፤ እሷም ራሷ ሰልፉ ላይ ቆማ ነው የሰማችው።

4ኛው የቡሬ ነጋዴ ነው። በትሕትና ጀመረ፦ የምንዛሪው ሥርዓት ሐምሌ 2016 ከተለወጠ ወዲህ ቲኬትና ቪዛ ይዞ ባንክ መሄድ ይሻላል፣ ጥቁር ገበያ አትሂዱ። ቀጥሎ ግን ሳይጠየቅ የባጃጅ ቅድሚያ ክፍያ ሒሳብ ውስጥ ገባ፤ ሲጨርስ መምህርቷ ልጅ ሳትወልድ ድሃ ሆና ቀርታለች። 5ኛው ከእሱ ጋር ተስማማ። ባልየው ራሱ በሌላ ስም ገብቶ ይሆን ብዬ ጠርጥሬ ነበር።

6ኛው መረር አለ። በዚህ ጊዜ፣ አገሩ እንዲህ ሆኖ፣ ሰው እንዴት ስለ ሽርሽር ያወራል ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለውን አልሰርዝም፤ ሰውዬው የሚለውን የሚለው ከልቡ ነው። መምህርቷ በ7ኛው መለሰችለት። ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቅነው ጊዜው ይሻሻል ብለን ነው፤ ባሕሩን የምናየው ስንጦር ነው ወይ አለች። ሌላ ነገር አልጨመረችም። 6ኛውም ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

8ኛው ጣናን አነሳ። 37 ደሴት በደጃችን እያለ ምን ወጣሽ? ዘጌ ቡናው፣ ሎሚው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል፤ ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታቱ አፅም፤ ክብራን ገብርኤል ብራናው። ጀልባ ተከራይተሽ በአንድ ቀን ትመለሻለሽ፣ ስንቅሽም ከቤትሽ ነው አላት። መምህርቷ በ9ኛው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፈች፦ ዳጋም ክብራንም ሴት አታስገባም። ከዚህ ክር ሁሉ የወደድኩት ይህን መልስ ነው። 10ኛውና 11ኛው እምቦጭ ጣናን እንዴት እንደያዘው ተጨቃጨቁ፤ እሱ የራሱ ክር ስላለው ወደዚያ መራኋቸው።

12ኛው እኔ ነኝ። ዛንዚባርን አንድ ጊዜ፣ ለሥራ ዳሬሰላም ሄጄ በፈጣኑ ጀልባ ተሻግሬ አይቻታለሁ። ከተማው ውስጥ አራት ሌሊት አይበዛም ብዬ ተከራከርኩ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2000 የመዘገበው ሰፈር ነው፤ ግን የሚታየው ሕንፃው ብቻ አይደለም። መንገዱ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚያልፍበት ጠባብ ነው፣ መኪና አይገባም፤ ካርታ ይዤ እንኳ አንዱን የዓሣ መደብር አምስት ጊዜ ሳገኘው ሻጩ በአምስተኛው ሳቀብኝ። በሮቹ ከባድ እንጨት ናቸው፤ ተፈልፍለው በጠርዛቸው ሰንሰለት የተቀረጸባቸው፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ ጡት የወጣ የነሐስ ሹል የተተከለበት። ሹሉ ዝሆን በሩን እንዳይገፋ ሕንድ አገር የተጀመረ ነው ይባላል፤ ዛንዚባር ደግሞ ዝሆን የለም።

በየቤቱ ግድግዳ ሥር የድንጋይ መደብ አለ፣ ባራዛ ይሉታል። የእኛ መደብ ከውጭ ወጥቶ መንገድ ላይ ተሠራ ብላችሁ አስቡት። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ተደርድረው ይቀመጡበታል። ቡና በትንሽ ሲኒ ያለ ስኳር ይጠጣል፣ ዝንጅብል ይሸታል። አጠገባቸው የእንጨት ገበታ አለ፤ አራት መስመር በስምንት ጉድጓድ፣ 32 ማለት ነው። ገበጣ! እነሱ ባኦ ይሉታል። የልጅነቴን ገበጣ ይዤ ልጫወት ተቀመጥኩና አንድ አዛውንት ሁለት ዙር ሳንሄድ ጨርሰው ሰጡኝ። ደንቡ ከእኛ ይለያል፤ እጃቸው ደግሞ ጠጠሩን ሲበትን አይታይም። እኔን ከባሕሩ ይልቅ ያስቀረኝ ይህ ስለሆነ አድልዎ ሊኖርብኝ ይችላል።

13ኛው አረመኝ። የድንቅ ቤት የሚባለውን ትልቁን የሱልጣን ባርጋሽ ሕንፃ እንዲያዩ ለምን አልነገርክም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1883 የተሠራ ነው። 14ኛዋ እሱን ራሱን አረመችው፦ ያ ቤት ታኅሣሥ 16 ቀን 2013፣ ጥገና ላይ እያለ በከፊል ፈርሶ ሰው ሞቶበታል፤ ስለዚህ ከውጭ አዩት እንጂ እንግባ ብለው ተስፋ አያድርጉ። 13ኛው እሺ አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ። በዚህ ክር ከታረሙት ውስጥ ያመሰገነ እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ የጾሙ ጉዳይ መጣ፤ 15፣ 16፣ 17፣ 18 እና 19 በዚሁ አለቁ። 15ኛዋ በዐቢይ ጾም ሄዳ የነበረች የባሕር ዳር ልጅ ናት። ጾመኛ ዛንዚባር ላይ አይራብም፣ እንዲያውም ከዚህ ይሻለዋል አለች። ቅቤያቸው ኮኮናት ነው፤ ባቄላ መሰሉ ቦሎቄ በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ ማሀራጌ ያ ናዚ ይባላል፣ ከሩዝ ጋር ይቀርባል። ኡጋሊ የበቆሎ ገንፎ ነው፣ ጠንካራ፣ በእጅ እየቆረሱ የሚበሉት። ማታ ማታ ፎሮዳኒ በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ በፋኖስ ይሸጣሉ፤ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ በዝንጅብልና በሎሚ እዚያው ፊታችሁ ይጨምቁላችኋል። ዛንዚባር ፒዛ የሚሉትን ግን ጾመኛ አይንካው፤ ውስጡ ሥጋና እንቁላል ነው። ኡሮጆ የሚባለው ቢጫ ሾርባም እንቁላል ሊጨመርበት ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

እስከዚህ ጥሩ ነበር። ከዚያ በመጨረሻ መስመሯ ላይ ዓሣም እንደ ልብ ነው ብላ ጻፈች፤ እሳቱም ተለኮሰ። 16ኛው ዓሣ የጾም ነው ያለሽ ማን ነው ሲል፣ 17ኛው ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን አይጠይቅም አለ። 18ኛው፣ ከአጻጻፉ የቄስ ተማሪ ይመስላል፣ ሥርዓት ጠቅሶ ረጅም ጻፈ፤ 19ኛው ደግሞ አልጾምም የሚል ሰው ስለሆነ ለምን እንደገባ አይገባኝም። 20ኛው አስታረቃቸው ማለት ባይቻልም ወሬውን ለወጠው። በረመዳን ከሄዱ የሚያሳስበው ዓሣው አይደለም፤ ቀን ላይ ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አደባባይ ላይ መብላት ነውርም ጥፋትም ነው አለ። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ ቀኑን አይታችሁ ተነሡ።

21ኛው ዳሬሰላም የሚኖር የዳንግላ ልጅ ነው፤ ከዚህ ክር ሁሉ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚጠቅመውን ያመጣው እሱ ይመስለኛል። በስዋሂሊ የሰዓት አቆጣጠር እንደ እኛ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል፤ ሳ ሞጃ ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ ፈረንጅ 7 የሚለው። ቃሉም ቢሆን ያው ነው፦ ሳ ሰዓት፣ ዳኪካ ደቂቃ፣ ሳቡኒ ሳሙና፣ ሱካሪ ስኳር፣ ካራፉ ቅርንፉድ፤ ስዋሂሊው ከዓረብኛ የወረሰው። ዛንዚባር ላይ የፈረንጅን ሰዓት ወደ ራሳችሁ እያሰባችሁ አትደክሙም አለ።

22ኛው ይህን አምኖ የተበላ ሰው ነው። ከዓመታት በፊት ይህንኑ ምክር ሰምቶ ሄደ። ግዙፎቹ የሲሸልስ ኤሊዎች ወዳሉበት ወደ ቻንጉ ደሴት የሚወስደው አስጎብኚ በእንግሊዝኛ 9 ሰዓት ላይ እንገናኝ አለው። እሱም እነሱ እንደ እኛ ናቸው ብሎ እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ድረስ ተኝቶ፣ ምሳውን በልቶ ወደ ጀልባው ወረደ። ጀልባው ጠዋት ሄዶ ተመልሶ ነበር። የዳንግላው ልጅ በ23ኛው ሕጉን ቁርጥ አድርጎ አስቀመጠ፦ ሰዓቱ ቋንቋውን ይከተላል። በስዋሂሊ ከተነገራችሁ የእኛው ነው፤ በእንግሊዝኛ ከተነገራችሁ የፈረንጅ ነው። 22ኛው ይህን ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ ብሎ ተቆጣ፤ ያኔ ተዋውቀው እንኳ አያውቁም።

24ኛው ላይ ክሩ ሌላ መልክ ያዘ። የጻፉት የታሪክ መምህር ናቸው። ስቶን ታውን ላይ የአንግሊካን ካቴድራሉን ሳታዩ እንዳትመለሱ አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው የባሪያ ገበያው በነበረበት ቦታ ላይ ነው፤ ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 ተዘጋ፣ መንበሩም የመግረፊያው ዛፍ በነበረበት ላይ ቆመ። ደጁ ላይ ጉድጓድ ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩ አምስት የድንጋይ ሰዎች አሉ። ከዚያ ልባችን ወዳለበት መጡ። በሱልጣኑ ቤት ውስጥ የሐበሻ ሴቶች ነበሩ፤ ከዚያው ቤት የተወለደችው፣ ኋላ ጀርመን የገባችው ልዕልት ሳልሜ በትዝታዋ ጽፋቸዋለች። ዛሬም በስዋሂሊ እኛን ምሐበሺ ይሉናል። እንግዲህ እዚያ ማን አላችሁ ለሚሉት እናትሽ፣ ድሮ ሰው ነበረን ማለት ትችያለሽ አሏት።

25ኛዋ አለቀስኩ አለች። 26ኛው ዓረቦችን ሰደበ። መምህሩ በ27ኛው ያረጋጉት መስሎኝ ነበር፤ ይልቅ የባሰውን ተናገሩ። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከዓባይ ማዶ፣ ከግቤ አገር የሚመጣ ባሪያ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ የሚሸጥበት ትልቅ ገበያ ነበር። ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ወደ መተማ፣ ወደ ምጽዋ ይነዳል። ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የቀረው በ1934 ነው። ዛንዚባር ላይ የምናለቅስ ከሆነ የጁቤ ላይም ቆመን እናልቅስ አሉ።

28ኛው ጎጃምን ለማሰደብ የተከፈለው ሰው አለ፤ አገራችንን ከዓረብ ጋር አንድ አደረገ፣ ይታገድልን ብሎ በስሜ ጠራኝ። አላገድኩም። 29ኛው ደግሞ ዝም በል እንጂ አያቴ ቤትም ነበሩ ብሎ አንድ መስመር ጽፎ ወጣ። እንዲህ ያለ ወሬ እኛ ቤትም አለ፤ ሲነሳ ሽማግሌዎቹ ቡና ይጠራሉ። መምህሩ በ30ኛው አልተቆጡም። ያልኩት ሁሉ የተጻፈ ነው፣ ገበያው የነበረበትንም ሰው ያሳያችኋል፤ ከፈለጋችሁ አብረን እንሂድ አሉ። ከዚያ 31ኛዋ፣ የየጁቤ ልጅ፣ በገበያ ቀን ከእናቷ ጋር ስንት ዓመት እንደተመላለሰች፣ ቅቤና ጌሾ ተሸክማ እንደሄደች፣ አንድም ሰው ይህን ነግሯት እንደማያውቅ ጻፈች። ማንንም አልወቀሰችም። ከእሷ በኋላ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

ዝምታውን የሰበረው 32ኛው በቀልድ ነው፤ ክሩ እንዲህ ሆኖ እንዳይሞት ያዘነ ይመስለኛል። ባሕሩ ሄደ አለ። ፓጄ በሚባለው ምሥራቃዊ ዳርቻ ማታ ደርሰው ማዕበሉን እየሰሙ ተኙ። ጠዋት ሚስቱ በር ከፍታ ጮኸች፤ ውኃው የለም። እስከ ዓይን ማየት ድረስ አሸዋና ኩሬ፣ ርቀው ደግሞ ሴቶች ጎንበስ ብለው የባሕር አረም ከገመድ ሲያራግፉ። ጣና ዳር ያደገ ሰው ውኃ ሲሞላና ሲጎድል የሚያውቀው በክረምትና በበጋ ነው፤ ይኼ በቀን ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። እየሮጠ ወረደና እንደ ጃርት እሾሃም የሆነች የባሕር ፍጥረት ረገጠ፤ ጫማ አድርጉ አለ። ዋና ከፈለጋችሁ ወደ ሰሜን ኑንጉዊ ሂዱ፣ እዚያ ውኃው ያን ያህል አይሸሽም።

33ኛዋ ነርሷ ተመልሳ ነው፦ ሐምሌና ነሐሴ እኛ ጭቃ ውስጥ ስንሆን እዚያ ደረቅ ነው፤ ከባዱ ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ግን ከደብረ ማርቆስ ብርድ ለወረደ ሰው ወበቁ ይከብዳል። ከተማው ውስጥ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ነጠላ ያዢ፣ ለፀሐዩም ለክብሩም ይሆናል። 34ኛዋ የቤት እመቤት ነኝ ብላ በሶና ድርቆሽ ስነቁ፣ ለመጀመሪያው ቀን ያድናል ስትል፣ 35ኛው በፌስታል እንዳትይዙት አለ። ታንዛኒያ ፌስታል ከልክላለች፤ የእሱን ድርቆሽ ከፌስታሉ አውጥተው ሰጡትና ፌስታሉን ወሰዱበት። በእጁ ድርቆሽ ታቅፎ የፓስፖርት ሰልፍ ላይ ቆመ።

ስለ እናትየው ጥያቄ የመለሱት ጥቂት ናቸው። አንዱ ጠበል አለ በያቸው ብሏል፤ ጨዋማ ነው ካልሽ ይበልጥ ያምናሉ። አንዲት እናት ደግሞ ልጆቼ፣ ውሸት አትንገሯት፣ ዘመድ በሌለበት አገር የሚሄድ ሰው በእኛ ዘመን ወይ የተሰደደ ወይ የሸፈተ ስለነበር ነው የምትፈራው ብለዋል። ይህን እኔም አላሰብኩትም ነበር። የእኛ ሰው የሚንቀሳቀሰው ለንግሥ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለሕክምና፣ ለችሎት ነው፤ የሚያሳድረው ሰው ሁልጊዜ አለ። ሆቴል ማደር ሰው ማጣት ነው።

መምህርቷ በመስከረም ተመልሳ 38ኛውን ጻፈች። ከሁሉም የከበዳቸው ከማርቆስ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ነው፤ የአውሮፕላኑ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም አለች። ከተማው ውስጥ ሦስት ሌሊት፣ ባሕሩ ላይ ሁለት አደሩ። ባሏ ባኦ ተምሮ ሞተሩን ረስቶታል፤ ቢያንስ እስከ ጥቅምት። ካቴድራሉ አጠገብ ባሪያዎቹ ይታጎሩበት ነበር ወደሚባለው ዝቅተኛ ክፍል ወርዳ ቀጥ ብላ መቆም አልቻለችም፤ ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጻፈችም። መጨረሻ ቀን ገበያው ውስጥ አንዲት አሮጊት ባራዛ ላይ ቅርንፉድ ዘርግተው አገኘቻቸው። ለእናቴ ነው ስትላቸው ሴትየዋ የተመዘነው ላይ በእፍኛቸው ጨመሩበት።

እናቷ ቅርንፉዱን አንድ አንድ እያሉ በክር ሰክተው አንገታቸው ላይ አሰሩት። አሽትተው አሽትተው፣ የጨመረችልሽ ሴት ስሟ ማን ነው አሏት። አልጠየቅኋትም አለች። ስም ሳትጠይቂ ነው የመጣሽው ብለው እናትየው እስካሁን ተቆጥተዋል።

39ኛው ይህን ያነበበ አይመስልም። በሐምሌ ዛንዚባር ለሚሄድ ሰው ጋቢ ያስፈልጋል ወይ ብሎ ጠይቋል። እስካሁን የመለሰለት የለም።